የሒሳብ ቃላት አመራረጥና የሕፃናት ትምህርት፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ጋሞኛ መማሪያ መጻሕፍት

መግቢያ

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟ ቁጥር ነው። ከጋሞ ደጋ ግርጌ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ባለው ደን ውስጥ የሚፈልቁትን ምንጮች አማርኛ ተናጋሪው «አርባ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ይህ «አርባ» አንድ በአንድ ተቆጥሮ እንደ ተገኘ ድምር ሳይሆን እንደ ብዛት መግለጫ ሊታይ የሚገባው ነው። በአማርኛ ባህል አርባ የሙላት ቁጥር ነውና፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ የሟች ተዝካርም በአርባ ቀኑ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቃል ቁጥርም ባህልም ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

በዚህችው ከተማና በዙሪያዋ ባለው የጋሞ ዞን አንድ ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሒሳብ ጋር የሚተዋወቀው በምልክት ሳይሆን በቃል ነው። የመደመርን ምልክት ከማየቱ አስቀድሞ «መደመር» የሚለውን ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተተካለትን ቃል ይሰማል። ቃሉ ሕፃኑ ከዚህ ቀደም በእጁ የሠራውን አንድ ድርጊት የሚያስታውሰው ከሆነ ትምህርቱ ይቀጥላል። የማያስታውሰው ከሆነ ግን ሕፃኑ ድምፁን ሸምድዶ ትርጉሙን ይተወዋል።

ሒሳብን ለሕፃናት ማራኪ አድርጎ ስለ ማስተማር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጠጠር፣ ቆርኪ፣ እንጨት፣ ጨዋታና ሥዕል ናቸው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ጠጠሩን ከምልክቱ ጋር የሚያገናኘው ቃሉ ነው፤ ቃሉንም የሚመርጡት የቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን የሒሳብ ቃላት እንዴት እንደ መጡ በአጭሩ ዘርዝሮ፣ በጋሞና በአካባቢው ከደረሰው ታሪክ ለሙያችን የሚሆነውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ከ«ገደፈ» እስከ «አካፈለ»

በአገራችን የስሌት ቃላት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈት የተፈጠሩ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት በባሕረ ሐሳብ ሲሠሩ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትን፣ በተለይም ቀሪ የሚተው ማካፈልን ዕለት ተዕለት ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬም ይጠቀማሉ። አሠራሩን በምሳሌ ብናይ፣ በ2006 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7506 ይሆናል። ይህ ቁጥር 19 በ19 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ያ አንድ ሲነሣ የዓመቱ ወንበር «አልቦ» ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው «ገደፈ» ነው፤ ትርጉሙ ጣለ፣ ተወ ማለት ነው። ሊቁ አንድን ቁጥር ለ7 ወይም ለ19 «ሲገድፍ» ሰባት ሰባቱን ወይም አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን እየቆነጠረ ይጥላል፤ የተረፈውን ይይዛል። ቃሉ የእጅ እንቅስቃሴ አለው። ሁለተኛው ቃል «አልቦ» ነው፤ የለም ማለት ነው። የግዕዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ፲ን፣ ፳ን፣ ፻ን የሚጽፈው ለእያንዳንዳቸው በተሰጠ የራሳቸው ምልክት ነው። ሆኖም ምልክት ባይኖርም ቃል ነበረ፤ ሊቃውንቱም ስሌቱ ባዶ ሲሆንባቸው አልተቸገሩም። ይህም የሚያሳየው አንድ ጽንሰ ሐሳብ ምልክት ሳይኖረው በቃል ብቻ ለብዙ ዘመን ሊኖርና ሊያገለግል እንደሚችል ነው።

ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተጀመረ በኋላ የትምህርቱ ቋንቋ ለረዥም ጊዜ በአመዛኙ የውጭ ቋንቋ ነበር። አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ሥራው ሰፋ። ከብዙ ዓመታት ጥረት በኋላ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታተመ።

በዚህ ሂደት ወደ መማሪያ መጻሕፍት የገቡት የሒሳብ ቃላት በሦስት ዓይነት ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው ዓይነት ከሕዝቡ አንደበት በቀጥታ የተወሰደው ነው፤ «መደመር»፣ «መቀነስ»፣ «ማባዛት»፣ «ማካፈል»፣ «ግማሽ»፣ «ሩብ»፣ «ሲሶ» የመሳሰሉት እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ዓይነት በግዕዝ ላይ ተመሥርቶ የተበጀው ነው፤ «ላዕል»፣ «ታሕት»፣ «አስርዮሽ»፣ «ጎነ ሦስት»፣ «ጎነ ብዙ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሦስተኛው ዓይነት እንደ «ዜሮ» እና «ሜትር» ከውጭ የመጣው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ለመምህሩ ትልቅ ሀብት ነው። «ደመረ» ከ«ደመራ» ጋር አንድ ሥር አለው። ደመራ ማለት በመስቀል ዋዜማ ብዙ እንጨት በአንድ ላይ የሚቆምበት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ችቦ አምጥቶ ከሌላው ጋር ያቆማል። በጋሞ ደግሞ መስቀል ከሁሉ የላቀ በዓል ነው፤ «ዮ ማስቃላ» ተብሎ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ስለዚህ አንድ መምህር ሕፃናቱን በየእጃቸው ሁለትና ሦስት ጭራሮ አስይዞ በአንድ ቦታ ቢያስቆማቸው «መደመር» የሚለው ቃል ራሱ ትምህርቱን ይሰጣል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ሲሶ»፣ «እርቦ» እና «የእኩል» ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ገበሬው ክፍልፋይን ከደብተር ላይ ከመማሩ በፊት በአውድማ ላይ ተምሮታል። በጭሰኝነት ዘመን የእኩል አራሽ የምርቱን ግማሽ፣ ሲሶ አራሽ ከሦስት አንዱን፣ እርቦ አራሽ ከአራት አንዱን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። ይህ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢሻርም ቃላቱ ቀርተዋል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል እነዚህ የአማርኛ የክፍልፋይ ቃላት የተሰሙት በብዙ ቦታ በትምህርት ቤት ሳይሆን ከድርሻ ቅሚያ ጋር መሆኑን የቃላት አዘጋጅ ሊዘነጋው አይገባም። ቃል የሚገባበት በር ትርጉሙን ይወስነዋልና።

ሁለተኛው ዓይነት የተለየ ችግር አለው። «ላዕል» እና «ታሕት» የክፍልፋይን ሁለት ቁጥሮች በቦታቸው ብቻ ይጠሯቸዋል፤ ላይ ያለና ታች ያለ ከማለት አያልፉም። የላቲኑ ስያሜ በአንጻሩ ሥራቸውን ይናገራል፤ የላይኛውን «ቆጣሪ»፣ የታችኛውን «ሰያሚ» ይላል። በእርግጥም ከ¾ ውስጥ 4 የሚነግረን የክፍሉን ስም፣ ማለትም ሩብ መሆኑን ነው፤ 3 የሚነግረን ደግሞ ስንት ሩብ እንዳለ ነው። የቃሉ ፍች ሥራውን ስለማይገልጽ ሁለት ሦስተኛንና አንድ አራተኛን የሚደምር ሕፃን ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ጋር ደምሮ ሦስት ሰባተኛ ቢል የሚያስገርም አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ መርቶታል። «ሁለት ሲሶና አንድ ሩብ» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ሲሶና ሩብ ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ወዲያው እንደማይደመሩ ይገነዘብ ነበር።

የምልክት ተራና የዓረፍተ ነገር ተራ

በየትምህርት ቤቱ «ሁለት ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል አምስት» ሲባል እንሰማለን። ይህ ዓረፍተ ነገር የአማርኛ ቃላት ያሉት የባዕድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአማርኛ ግሥ መድረሻው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተናጋሪው በገበያ «ሁለትና ሦስት አምስት» ወይም «ሁለት ላይ ሦስት ሲጨመር አምስት ይሆናል» ይላል። መጽሐፉ ግን የምልክቶቹን ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ተከትሎ ቃላቱን ደረደራቸው። ምልክቶቹ የተለመዱት ግሣቸው በመካከል በሚገባ የአውሮፓ ቋንቋዎች አካባቢ በመሆኑ ተራው ለእነዚያ ተናጋሪዎች ተፈጥሯዊ ነው። ለእኛ ግን አይደለም። ጋሞኛም እንደ አማርኛ ግሡን በመጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ስለሆነ ችግሩ ያው ነው፤ በዚህ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት ነገር ሁለቱም ከእንግሊዝኛ ጋር ከሚጋሩት ይበልጣል።

ከዚህ የሚከፋው «ሲካፈል ለ» የሚለው ነው። «12 ሲካፈል ለ3» ሲባል «ለ» የሚለው መስተዋድድ ከስሙ ተነጥሎ ከግሡ ጋር ተጣብቆ ይነገራል። ከቅርጹ ይልቅ ግን ትርጉሙ ነው ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው። «ለሦስት ማካፈል» ለሦስት ሰዎች ማደል ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት ሙዝ ለሦስት ልጆች ሲታደል ለእያንዳንዱ አራት ይደርሰዋል። ሕፃኑ ይህን ይረዳል፤ በአርባ ምንጭ አካባቢ ሙዝ ያላየ ልጅ የለምና። አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ ግን «6 ሲካፈል ለ½» ይመጣል። ስድስት ሙዝ ለግማሽ ሰው እንዴት ይታደላል? መልሱ 12 መሆኑ ደግሞ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል፤ ተካፍሎ የሚበዛ ነገር አይቶ አያውቅምና።

መፍትሔው በጥንቱ ቃል ውስጥ ይገኛል። ማካፈል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ማደል ነው፤ ሁለተኛው እየቆነጠሩ መግደፍ ነው። «ከስድስት ሙዝ ግማሽ ግማሹን እየቆረጥን ብናነሣ ስንት ጊዜ እናነሣለን?» ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃኑ ቆርጦና ቆጥሮ «አሥራ ሁለት ጊዜ» ይላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሰባት ሰባቱን ሲገድፉ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። ዘመናዊው መጽሐፍ አንዱን መልክ ብቻ ይዞ ሌላውን የሚገልጽ ቃል ሳይመርጥ በመቅረቱ ሕፃኑ ግማሹን የማካፈል ትርጉም ያለ ስም ተረክቧል። ይህ እንግዲህ የማስተማር ዘዴ ጉድለት ተብሎ ቢቆጠርም መነሻው የቃላት አመራረጥ ነው።

የቁጥር ስሞች በጋሞና በአጎራባቾቹ

ጋሞኛ ከወላይትኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር በኦሞአዊው ቤተሰብ ውስጥ ሰሜን ኦሜቶ በሚባለው ክፍል ይመደባል። የእነዚህ ቋንቋዎች የቁጥር ስሞች ለሒሳብ መምህር የሚሰጡት ጥቅም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ቀርቷል።

ከስድስት እስከ ስምንት ያሉትን ስሞች እንውሰድ፦ «ኡሱፑን»፣ «ላፑን»፣ «ሆስፑን»። በንግግር የመጨረሻ ድምፆቻቸው ከቦታ ቦታ ቢለዋወጡም ሁሉም «-ፑን» የሚለውን ክፍል ይጋራሉ። ፊታቸው ያለው ክፍል ደግሞ የአንድን፣ የሁለትንና የሦስትን አሮጌ ሥር ይዟል። «ላ-» ሁለት ማለት መሆኑ ሃያን ከሚያመለክተው «ላታሙ» ይታወቃል፤ «ታሙ» አሥር ስለሆነ «ላታሙ» ሁለት አሥር ነው። በኦሮምኛ «ላመ»፣ በሲዳምኛ «ላሜ» ሁለት መሆናቸውም ይህን ያጠናክራል። ሠላሳም እንዲሁ በወላይትኛ «ሀስታሙ» ሲሆን ይህ «ሀስ-» ከስምንቱ «ሆስ-» ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ስድስት፣ ሰባትና ስምንት በአምስት ላይ አንድ፣ በአምስት ላይ ሁለት፣ በአምስት ላይ ሦስት ሆነው የተበጁ ናቸው። በሌላ አነጋገር በስሞቹ ውስጥ ያለው ሙሉ የአንድ እጅ ጣቶችና የሁለተኛው እጅ ጭማሪ ነው።

ሕፃኑ ይህን ትንታኔ በጆሮው አይሰማውም። አማርኛ ተናጋሪም «አርባ» ሲል «አራት» የሚለውን ሥር አያስተውልም፤ ግዕዝ የተማረ ሰው ነው በ«አርባዕቱ» እና በ«አርብዓ» ያለውን ዝምድና የሚያየው። መምህሩ ግን የሚያውቅ ከሆነ ሰባትን በአንድ ሙሉ እጅና በሁለት ጣት አሳይቶ ስሙን ሊያስጠራ ይችላል። ያን ጊዜ 7 + 6 የሚለው ጥያቄ አምስትና አምስት፣ ሁለትና አንድ ሆኖ በጣት ላይ ይፈታል። ወላይትኛ አርባን «ኦይታሙ»፣ ማለት አራት አሥር፣ ብሎ ሲጠራ ደግሞ የአሥር ቤትን ለማስተማር ሌላ ዘዴ የሚያሻው አይመስልም።

የቁጥር ስም ግልጽነት በሕፃናት ቆጠራ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በሌላው ዓለምም ተጠንቷል። ኬቪን ሚለርና ጄምስ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ አሥራ አንድን «አሥር አንድ» ብለው የሚጠሩ ቻይንኛ ተናጋሪ ሕፃናትን ስሙ ግልጽ ካልሆነላቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አሜሪካውያን ጋር አነጻጽረው፣ ልዩነቱ በተለይ ከአሥር በላይ ባሉት ቁጥሮች ላይ እንደሚታይ አመልክተዋል። በአማርኛ «አሥራ አንድ» ግልጽ ነው፤ «ሃያ» እና «ሠላሳ» ግን ለሕፃኑ ግልጽ አይደሉም። በሰሜን ኦሜቶ ቋንቋዎች ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው በቁጥር ስም ረገድ የጋሞ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ይዞት የሚመጣው መሣሪያ እንደማያንስ ነው። መጽሐፉ ይጠቀምበታል ወይስ ይተወዋል የሚለው ነው ጥያቄው።

አራት ቋንቋ በአንድ መጽሐፍ

ይህ መሣሪያ ወደ መጽሐፍ ለመግባት ረዥም መንገድ ተጉዟል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍን ከቁጥር ጋር አያይዞ ሲያስተምር ቆይቶ በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በፊደል ነበር። በዘመቻው ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች መካከል ወላይትኛ ሲገኝ፣ ጋሞኛ በስሙ ከ15ቱ ውስጥ አልተካተተም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። ያን ጊዜ ጋሞ፣ ወላይታ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ። አራቱ ቋንቋዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ አስተዳደሩ ለአራቱም የሚሆን አንድ የትምህርት ቋንቋ ማዘጋጀትን መረጠ። ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ክፍለ ቃላት ተወስደውም «ወጋጎዳ» ተባለ። መማሪያ መጻሕፍቱ በላቲን ፊደል ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ፤ ጋሞና ጎፋ በአንድ ዞን ቀጥለው፣ በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የፖለቲካ ትንታኔ ተጽፏል። እኛን የሚመለከተው ሌላው ገጽታው ነው። አራቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ የሚለው የቋንቋ ጥናት ፍርድ ስሕተት አልነበረም። ይሁን እንጂ መቀራረብን የሚመሰክር ጥናት ለመቀላቀል ፈቃድ ተደርጎ ተወሰደ። ሁለትን ወላይታው «ናኡ» ሲል ጋሞው «ናምኡ» ይላል፤ አምስትን ያኛው «ኢቻሹ» ሲል ይህኛው «ኢቻቹ» ይላል። ለቋንቋ ተመራማሪ እነዚህ መደበኛ የድምፅ ተለዋዋጮች ናቸው። ለሰባት ዓመት ሕፃንና ለወላጁ ግን አንደኛው የእናቱ ቃል ነው፤ ሌላው የጎረቤት ነው። ሕፃኑ ሲቆጥር የሚጠቀምባቸው ስሞች የቋንቋው እጅግ ውስጣዊ ክፍሎች ናቸው፤ ሰው በሌላ ቋንቋ አቀላጥፎ እየተናገረ እንኳ በልቡ የሚቆጥረው በአፍ መፍቻው መሆኑ የታወቀ ነው። ማንም ሰው ከአራት ቋንቋ በተውጣጣ ቃል በልቡ አይቆጥርም።

ከወጋጎዳ በኋላ ጋሞኛ በራሱ ስም መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተውለታል። በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ሲዘልቅ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። አማርኛ ደግሞ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር። በመሆኑም አንድ የጋሞ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ ለአንዱ ስሌት የጋሞኛውን ስም በክፍል፣ የአማርኛውን በገበያ፣ የእንግሊዝኛውን በአዲሱ መጽሐፍ ይማር ነበር። ሦስቱን የሚያገናኝ መሸጋገሪያ ያልተዘጋጀለት ተማሪ በየደረጃው ሒሳብን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጨዋታ፣ ገበያና ሽመና

የጋሞ ሕፃናት የሒሳብ ልምምድ ከትምህርት ቤት ውጭ ሰፊ ነው። ሦስት ምሳሌዎችን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ገበጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ የጋሞ ደቡባዊ ጎረቤት የሆነው የኮንሶ «ላምላሜታ» አንዱ ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከጉድጓዱ ሲያነሣ የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይገምታል፤ ይህም መደመርና ቀሪን ማወቅ ነው። ለቃላት አዘጋጅ ግን ሌላ ጥቅም አለው። በየአካባቢው ተጫዋቾች ለማንሣት፣ ለማደል፣ ለመብላትና ለቀሪ የሚጠቀሙባቸው ግሦች የስሌት ግሦች ናቸው። ጨዋታውን ወደ ክፍል የሚያስገባ መምህር እነዚህን ቃላት አብሮ ካላስገባ ጨዋታው መዝናኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ደወሉ ሲደወል ጠጠሩም ትርጉሙም ውጭ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ገበያ ነው። በጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በዶርዜ ሰኞና ሐሙስ ገበያ ይቆማል። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ወደ ጨንቻ ገበያ ስንት ቀን ቀረ? ከዛሬ ሃያ ቀን በኋላ የሚውለው ቀን የየትኛው ገበያ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሰባት ሰባቱን እየገደፉ ቀሪውን መፈለግ ነው። ከሃያ ሁለት ጊዜ ሰባት ሲገደፍ ስድስት ይተርፋል፤ ከረቡዕ ስድስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ የጨንቻ ገበያ ነው። ሊቁ በባሕረ ሐሳብ፣ ሕፃኑ በገበያ አንድ ስሌት ይሠራሉ።

ሦስተኛው ሽመና ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ የታወቁ ናቸው። የዱንጉዛ ጨርቅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ለሕፃናት የድግግሞሽ ትምህርት ይሆናሉ። መምህሩ በወረቀት ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር እያለ መስመር አስደርድሮ «ሃያኛው መስመር ምን ቀለም አለው?» ቢል፣ ሦስት ሦስቱን ገድፎ ሁለት ያስተረፈ ልጅ «ቢጫ» ብሎ ይመልሳል። «ድር» እና «ማግ» የሚሉትን የአማርኛ ቃላት ወይም የቦታውን መጠሪያዎች የያዘ ልጅ ደግሞ ወደፊት ቁምና አግድም ረድፎችን ለማስተማር የተዘጋጀ መሠረት አለው። በቋሚና በአግድም የተደረደረ ነገርን መቁጠር የማባዛት ዋና ሥዕል ነውና።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ለታችኛው ክፍል የሚመረጥ የሒሳብ ቃል የሚሠራ ድርጊት ይኑረው። «ደመረ» እና «ገደፈ» እጅ አላቸው፤ «ላዕል» እና «ታሕት» ቦታ እንጂ እጅ የላቸውም። ለከፍተኛ ክፍል በሥርዓት የተበጀ ቃል ሊያስፈልግ ይችላል፤ ወደዚያ የሚወስደው መሰላል የመጀመሪያ እርከን ግን ከሕዝቡ አንደበት ይነሣ።

ሁለተኛ፣ የምልክት ተራ የዓረፍተ ነገር ተራን አይግዛ። ምልክቱን ሲያነቡ «12ን ለ3 ሲያካፍሉት 4 ይደርሳል» ማለት የሚከለክል ሕግ የለም። ተርጓሚው ከምልክቱ በስተጀርባ ያለውን ድርጊት ይተርጉም።

ሦስተኛ፣ ቃሉ ከመታተሙ በፊት በተናጋሪው ፊት ይቅረብ። ጋሞዎች የጋራ ጉዳያቸውን በዱቡሻ ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ሁሉም ሳይሰማ ውሳኔ አይጸናም። ወጋጎዳ ያለፈው ይህ ሳይደረግለት ነው። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ እንከን የለሽ ሆኖ የተቀመጠ ቃል መምህሩ፣ ሸማኔውና እናቲቱ ካልተቀበሉት ለሕፃኑ አይደርሰውም።

የቃላት ሥራ ብዙ ጊዜ የምሁራን የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በሒሳብ ግን አንድ የተሳሳተ መስተዋድድ አንድን ትውልድ በክፍልፋይ ደጃፍ ላይ ሊያቆመው ይችላል። መማሪያ መጽሐፍ በተሻሻለ ቁጥር ሥዕሉና ቀለሙ ይታደሳል። ቃሉም ከእነርሱ ጋር፣ ከእነርሱም በፊት፣ ሊመረመር ይገባዋል።